ኤች ፓይሎሪ ለምን በመድኃኒት አልጠፋ ይላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጨጓራ ባክቴሪያ ለተገኘባቸው፣ መድኃኒት ለጀመሩና ጨርሰው ለተመለሰባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤች ፓይሎሪ ምንድን ነው? አሲድ ውስጥስ እንዴት ይኖራል?

ኤች ፓይሎሪ፣ በሙሉ ስሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ የሰው ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ቅርጹ ጥምዝ ነው። ጫፉ ላይ ቀጫጭን ጭራዎች አሉት። በእነሱ እየዋኘ የጨጓራን ግድግዳ የሸፈነውን ንፍጥ ሰርስሮ ይገባና እዚያ ይኖራል። ዩሪዬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። በዚህ ኢንዛይም ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ ያመነጫል። አሞኒያው በዙሪያው ያለውን አሲድ ያከሽፍለታል።

ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ቁስለት የሚመጣው በጭንቀትና በአሲድ ብዛት ነው ይባል ነበር። ይህን የቀየሩት አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማሳደግ ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም። በ1982 የፋሲካ በዓል ሆነና ናሙናዎቹ ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ ሳይነኩ ቆዩ። ሲታዩ ባክቴሪያው በቅሏል። ለካስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው መቆጣቱን አሳየ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ተገኘብህ ተባልኩ። ካንሰር ይይዘኛል ማለት ነው?

አይደለም። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ ይዞ እንደሚኖር ይገመታል። አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳያመው ይኖራል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው ባለበት ጨጓራ ሁሉ፣ ሰውየው ባይታወቀውም፣ ግድግዳው ይቆጣል። ከ100 ሰዎች መካከል ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ቁስለት ሊይዛቸው ይችላል። የጨጓራ ካንሰር የሚደርስባቸው ከ1 እስከ 3 ያህሉ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ኤች ፓይሎሪን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ግን ካንሰሩ የሚመጣው በብዙ አሥርት ዓመታት ሂደት ነው። ስለዚህ መታከም ተገቢ ነው። ዛሬውኑ መድኃኒት ካልጀመርኩ ብሎ በድንጋጤ ያገኙትን መዋጥ ግን አያስፈልግም። በረጋ መንፈስ ትክክለኛውን ሕክምና መምረጥ ይሻላል።

ከማን ያዘኝ?

አብዛኛው ሰው የሚያዘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰቡ፣ በተለይም ከእናቱ ነው። ባክቴሪያው በአፍ፣ በትውከት፣ በሰገራ በተበከለ ውኃ ይተላለፋል። መቼና ከማን እንደያዘዎት ማወቅ አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ማንንም መውቀስም አይገባም።

ለአንድ ባክቴሪያ ይህ ሁሉ ክኒን ለምንድን ነው?

አንድ አንቲባዮቲክ ብቻውን ኤች ፓይሎሪን አያጠፋም። ስለዚህ በአብዛኛው ቢያንስ ሁለት አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ይታዘዛል። በብዛት የሚታወቀው ጥምረት ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሳሲሊንና እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ መቀነሻ ነው። አራት መድኃኒት ያለው ጥምረት ደግሞ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አሲድ መቀነሻ ይይዛል። አሁን የሚመከረው የሕክምና ጊዜ በአብዛኛው 14 ቀን ነው።

አሲድ መቀነሻው ለማቃጠሉ ብቻ የታዘዘ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። «አሁን እኮ አያቃጥለኝም» ብለው እሱን ይተዉና አንቲባዮቲኩን ብቻ ይውጣሉ። ይህ ሕክምናውን ያበላሻል። አሲዱ ሲያይል ባክቴሪያው መራባቱን ይገታል። አሞክሳሲሊን ደግሞ በደንብ የሚገድለው በመራባት ላይ ያለን ባክቴሪያ ነው። አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው መከፋፈል ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ነው መድኃኒቱ የሚያገኘው።

ሕክምናው ቀላል አይደለም። አፍ ብረት ብረት ይላል፤ ያቅለሸልሻል፤ ሆድ ይላላል። ቢስመዝ የሚወስድ ሰው ሰገራው ይጠቁርበታል። ደም መስሎት ደንግጦ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ አለ። በቢስመዝ ምክንያት የሚመጣው ጥቁረት ጉዳት የለውም። ሰገራው ቅጥራን መስሎ የሚያጣብቅና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ማዞርና ድካም ካለ ግን ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። ቴትራሳይክሊን በወተትና በብረት ክኒን አይወሰድም፤ ወደ ደም መግባቱን ይቀንሱታል። እነዚህን ነገሮች ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ከመጀመሪያው ቢነግርዎት ብዙ ማቋረጥ ይቀር ነበር። ካልነገሩዎት ይጠይቁ።

መድኃኒቱን የሚላመደው ሰውነቴ ነው ወይስ ባክቴሪያው?

ባክቴሪያው ነው። ሰውነትዎ ምንም አልሆነም። «እኔ አንቲባዮቲክ አይሠራልኝም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ትክክል አይደለም። አንድ መድኃኒት አልሠራም ማለት እርስዎ ጨጓራ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ለዚያ መድኃኒት አይበገርም ማለት ነው። ሌላው ሊሠራ ይችላል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባክቴሪያው በተራባ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት አይጠቅመውም። አንዳንዱ ግን በአጋጣሚ መድኃኒት የሚያከሽፍ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌሎቹ ያልቃሉ፤ ያ ለውጥ ያላቸው ይተርፋሉ። ከዚያ ቦታውን ሁሉ የሚወርሱት እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ ለውጡን አይፈጥረውም። መርጦ ነው የሚያስቀረው።

ለጨጓራ ታክሜ አላውቅም። ታዲያ ባክቴሪያዬ እንዴት መድኃኒት ተላመደ?

ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ባክቴሪያው ጨጓራዎ ውስጥ የኖረው ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለሌላ በሽታ የወሰዱት አንቲባዮቲክ እሱንም ነክቶታል። ለሳል አዚትሮማይሲን ወስደው ይሆናል። አዚትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ስለሆኑ አንዱን የተላመደ ባክቴሪያ ሌላውንም ይቋቋማል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የተወሰደ ሲፕሮፍሎክሳሲንም የቤተሰቡ አባል በሆነውና ለኤች ፓይሎሪ በሚታዘዘው በሌቮፍሎክሳሲን ላይ መንገድ ይዘጋል። ለአሜባ ወይም ለማህፀን ኢንፌክሽን የተወሰደ ሜትሮኒዳዞልም እንዲሁ ነው። እነዚህ ለብቻቸው የተወሰዱ መድኃኒቶች ኤች ፓይሎሪን አያጠፉም፤ የማይበገረውን መርጠው ግን ያስቀራሉ። ሌላው መንገድ ደግሞ ባክቴሪያው ገና ሲተላለፍብዎ የተላመደ ሆኖ መምጣቱ ነው።

ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ከዚህ በፊት የወሰዷቸውን አንቲባዮቲኮች በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ስሙን ባያስታውሱ እንኳ ለምን እንደወሰዱት ይናገሩ። የላቦራቶሪ ምርመራ በሌለበት ቦታ ይህቺ ወረቀት ትልቅ መረጃ ናት።

የትኞቹን መድኃኒቶች ነው በብዛት የሚቋቋመው?

ክላሪትሮማይሲንን፣ ሜትሮኒዳዞልንና ሌቮፍሎክሳሲንን። አሞክሳሲሊንንና ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋም ኤች ፓይሎሪ በአብዛኛው ቦታ ብርቅ ነው። በ2018 ከብዙ አገራት የተሰበሰቡ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ለሦስቱ መድኃኒቶች ያለው መላመድ በአብዛኞቹ የዓለም ክፍሎች 15 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተጠቀሰም። ክላሪትሮማይሲንን የሚቋቋመው ባክቴሪያ 15 በመቶ ባለፈበት አካባቢ መድኃኒቱን ያለ ምርመራ ማዘዝ አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ የሚያስፈልጋቸውን ባክቴሪያዎች ሲዘረዝር ክላሪትሮማይሲን የማይበግረውን ኤች ፓይሎሪ በከፍተኛ ደረጃ አስቀምጦት ነበር።

መላመዱ የሚፈጠርበት መንገድ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። ክላሪትሮማይሲን የሚሠራው የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ፣ ራይቦዞሙን፣ ይዞ በማሰር ነው። የራይቦዞሙ አካል በሆነ አንድ ጂን ላይ፣ 2142ኛው ወይም 2143ኛው ቦታ ላይ፣ አንዲት የዘረመል ፊደል ከተቀየረች መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር ያጣል። አንዲት ፊደል ብቻ! በዚህ ጊዜ መጠኑን መጨመር አይረዳም።

ሜትሮኒዳዞል ግን ሌላ ነው። ሲዋጥ ገና መርዝ አይደለም፤ ወደ መርዝነት የሚቀይረው ባክቴሪያው ራሱ በኢንዛይሙ ነው። ባክቴሪያው ያንን ኢንዛይም የሚሠራውን ጂን ሲያበላሽ መድኃኒቱ ሳይነቃ ይቀራል። ደስ የሚለው፣ ይህ መላመድ ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። መጠኑ ከፍ ብሎ፣ ከቢስመዝ ጋር ተጣምሮ፣ ለ14 ቀን ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ባለ አራቱ ጥምረት አሁን በብዙ ቦታ ቀዳሚ ምርጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ቀን ዘለልኩ። ምን ላድርግ?

የዘለሉትን ለማካካስ ደርበው አይውሰዱ። ካቆሙበት ይቀጥሉና ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ይቀጥል ወይስ ይለወጥ የሚለውን እሱ ይወስን። ተሻለኝ ብሎ ማቆም ግን በፍጹም አይሆንም። ሕመሙ የሚቀንሰው ባክቴሪያው ከማለቁ ቀደም ብሎ ነው።

ማርና ነጭ ሽንኩርት አያጠፉትም?

አያጠፉትም። ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚያዳክሙ ብዙ ዕፅዋት አሉ፤ ሰው ጨጓራ ውስጥ ግን ነቅለው አላወጡትም። ፕሮባዮቲክም (ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ ክኒን ወይም ምግብ) ብቻውን አያድንም፤ በሕክምናው ጊዜ የሚመጣውን ተቅማጥ ግን ሊቀንስ ይችላል።

መጥፋቱን በምን አውቃለሁ?

በስሜት አይታወቅም። ሕመሙ ጠፍቶ ባክቴሪያው ሊኖር ይችላል፤ ባክቴሪያው ጠፍቶ ጨጓራው ሊያምም ይችላል። ማወቂያው ምርመራ ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ የትንፋሽ ወይም የሰገራ አንቲጅን ምርመራ (የባክቴሪያውን ቁራጭ ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ይደረጋል። ከምርመራው በፊት አሲድ መቀነሻውን ቢያንስ ለ2 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። የሚያቆሙትም ሐኪምዎን አማክረው ነው።

የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም። የሚያየው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። በደም ምርመራ ብቻ «አሁንም አለብህ» ተብሎ ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ መጀመር ያሳዝናል። ሰውየው ድኖ ይሆናል። ያለ አገልግሎት የተዋጠው መድኃኒት ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች መላመድ ያስተምራቸዋል።

ባክቴሪያው ከሰው ሰው ይህን ያህል የሚለያየው ለምንድን ነው?

ኤች ፓይሎሪ ከሚታወቁት ባክቴሪያዎች ሁሉ በዘረመል እጅግ ከሚለያዩት አንዱ ነው። ዘረመሉ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ፊደላትና ወደ 1,600 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። ሙሉ ዘረመሉ መጀመሪያ የተነበበው በ1997 ነው። በ1999 ከሌላ ሰው የተወሰደ ሁለተኛ ዝርያ ተነቦ ሲነጻጸር፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ካሉት ጂኖች ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆኑት በሌላኛው ውስጥ የሉም። ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች ጨጓራ ውስጥ አንድ ዓይነት ዝርያ ማግኘት ያዳግታል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ባክቴሪያዎች ዘረመላቸውን ሲገለብጡ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርም ሥርዓት አላቸው። ኤች ፓይሎሪ ይህ ሥርዓት ይጎድለዋል። የጻፈውን መልሶ እንደማያነብ ገልባጭ ነው፤ ስህተቱ ይከማቻል። ሁለተኛ፣ አጠገቡ የሞተ ሌላ ኤች ፓይሎሪ የተወውን ዘረመል ስቦ አስገብቶ ከራሱ ጋር ያዋህዳል። በዚህ ችሎታው እጅግ የታወቀ ነው። መድኃኒት የሚያከሽፍ ለውጥ ያለው ቁራጭ ከገባለት እሱም ተላማጅ ሆነ ማለት ነው።

የሰውን ዘር ጉዞ በዚህ ባክቴሪያ መከተል ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ባክቴሪያው በአብዛኛው ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ከሰው ጋር አብሮ ተጉዟል። በ2007 የወጣ ጥናት ሰዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ሲወጡ፣ ከዛሬ 58,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ይዘውት እንደወጡ አሳይቷል። ከምሥራቅ አፍሪካ እየራቁ በሄዱ ቁጥር የባክቴሪያው የዘረመል ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል። የሰው ዘረመልም ልክ እንዲሁ ነው።

በ1991 አልፕስ ተራሮች ላይ በበረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትዚ የሚባለው ሰው ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጨጓራው ውስጥ የነበረው የኤች ፓይሎሪ ዘረመል ተነቦ ውጤቱ በ2016 ወጣ። ባክቴሪያው ዛሬ በመካከለኛውና በደቡብ እስያ ከሚገኘው ዝርያ ጋር የሚቀራረብ እንጂ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ የተለመደው አልነበረም። የዛሬው የአውሮፓ ዝርያ ከአፍሪካ የመጣ ዘረመልም የተዋሐደበት ድብልቅ ነው።

አንድ ሰው ጨጓራ ውስጥ የተለያየ ዓይነት ሊኖር ይችላል?

አዎ። አንዳንድ ሰው ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ጋር ይኖራል። ከዚያ በላይ የሚያጋጥመው ደግሞ አንዱ ዝርያ እዚያው እየተለወጠ ብዙ ቅርንጫፍ ማውጣቱ ነው። ከጨጓራው ታችኛው ክፍል የተወሰደው ናሙና ክላሪትሮማይሲን ይገድለዋል ሲል፣ ከላይኛው የተወሰደው አይገድለውም ሊል ይችላል።

በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የሚወሰደው ናሙና ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከአንድ ቦታ ብቻ ከተወሰደ የማይበገረው ሊያመልጥ ይችላል። ወረቀቱ «መድኃኒቱ ይሠራል» ብሎ ሕክምናው የሚከሽፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ቦታ ናሙና መውሰድ ዋጋ አለው።

የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራልኝ አስቀድሞ መመርመር ይቻላል?

ይቻላል፤ በሁለት መንገድ። አንደኛው በኢንዶስኮፒ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን ማሳደግና መድኃኒቶቹን በላዩ ላይ መሞከር ነው። ባክቴሪያው ትንሽ ኦክስጅን ያለበት አየር ይፈልጋል፤ ቀናትም ይፈጃል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይበቅልም። ሁለተኛው በፒሲአር፣ ማለትም የዘረመልን ቁራጭ አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ፣ ዘረመሉን ማየት ነው። ይህ ከሰገራም ሊሠራ ይችላል።

ፒሲአር ለክላሪትሮማይሲን ጥሩ ነው፤ የሚፈለጉት ለውጦች ጥቂትና የታወቁ ናቸውና። ለሜትሮኒዳዞል ግን ብዙም አይረዳም። ጂኑ የትም ቦታ ላይ ሊበላሽ ስለሚችል አንድ የሚፈለግ ምልክት የለውም።

ታክሜ ጠፋ ከተባልኩ በኋላ ተመለሰ። ያው ነው ወይስ አዲስ?

በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከተመለሰ ብዙውን ጊዜ ያው ነው። ሳይጠፋ ተደብቆ የነበረው ነው የተነሣው። ይህ የታወቀው ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተወሰደውን ባክቴሪያ ዘረመል በማነጻጸር ነው። ዝርያው ከሰው ሰው ስለሚለያይ ያውና አዲሱ በግልጽ ይለያሉ። እንደ አዲስ መያዝ አለ፤ በተለይ ንጹሕ ውኃ በማይገኝበትና ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት።

ልዩነቱ ለሕክምናው ይጠቅማል። ያው ባክቴሪያ ከሆነ ያን መድኃኒት አንዴ ተቋቁሞ የተረፈ ነው። ያንኑ ጥምረት መድገም ትርፉ ድካም ነው።

ሁለት ጊዜ ታክሜ አልጠፋም። ቀጥሎስ?

ክላሪትሮማይሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን ወስደው ካልሠራ ያው መድኃኒት አይደገምም። አሞክሳሲሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ቢስመዝ ግን ሊደገሙ ይችላሉ። ቢስመዝ ያለበትን ጥምረት ገና ካልወሰዱ በአብዛኛው ተራው የሱ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰ ግን በግምት ሌላ ዙር ከመጀመር ይልቅ የመድኃኒት ምርመራ ማሠራት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ፔኒሲሊን አይስማማኝም የሚሉ ከሆነም አለርጂው በምርመራ ይረጋገጥ። ብዙ ሰው አለርጂ ሳይኖርበት አሞክሳሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ይከለከላል።

አደገኛው ዝርያ ነው መድኃኒት የሚቋቋመው?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዳንድ ዝርያዎች ካግኤ የሚባል ጂን አላቸው። ይህ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን በመርፌ መሰል መሣሪያ የጨጓራ ሴል ውስጥ ይወጉታል። እነዚህ ዝርያዎች ለቁስለትና ለካንሰር የበለጠ ያጋልጣሉ፤ በምሥራቅ እስያ የሚገኘው የካግኤ ዓይነት ደግሞ ከሁሉም ይበረታል። ይሁን እንጂ መድኃኒት የሚያከሽፉት ለውጦች ያሉት ሌላ ጂን ላይ ነው። እንዲያውም ካግኤ ያላቸው ዝርያዎች ከሌላቸው ይልቅ ለሕክምና ትንሽ ቀለል ብለው ታይተዋል። በተለመደው ሕክምና ካግኤ አይመረመርም።

ክትባት ለምን የለውም?

እየተሞከረ ነው፤ ለሰፊው ሕዝብ የቀረበ ግን የለም። ሰውነት ባክቴሪያውን ለዓመታት እየተዋጋ በራሱ አያጸዳውም። ስለዚህ ክትባቱ ተፈጥሮ ያልቻለችውን እንዲሠራ ነው የሚጠበቅበት። የዝርያው መለያየትም ሌላ ፈተና ነው፤ በአንዱ ላይ የሚሠራው በሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል።

በ2015 ውጤቱ የወጣ ቻይና ውስጥ የተደረገ ሙከራ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ሞክሮ ነበር። ከ6 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በመጀመሪያው ዓመት 71.8 በመቶ መከላከል ችሏል። ክትባቱ የተሠራው ከዩሪዬዝ ቁራጭ ነው። ባክቴሪያው ሌላውን ሁሉ ቢለዋውጥ ያለ ዩሪዬዝ አሲድ ውስጥ ሊኖር አይችልምና በሁሉም ዝርያዎች ላይ ይገኛል።